የማን ክሬዲት? በበይነ መረብ የሚወሰዱ ኮርሶች እና የድኅረ ምረቃ ትምህርት በኢትዮጵያ

መግቢያ

የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ጊዜና ወጪ ለመቀነስ በማሰብ፣ ባለፈው ክረምት ቄራ በተከራየሁት ክፍል ሆኜ አንድ የስታቲስቲክስ ኮርስ በበይነ መረብ ተከታተልኩ። ኮርሱ ስምንት ሳምንት የፈጀ ሲሆን በየሳምንቱ የአራት ሰዓት ሥራ ይጠይቅ ነበር። የመጨረሻ ውጤቴም ከመቶ 94 ሆነ። ሰርተፍኬቱን ለትምህርት ክፍሌ ባቀረብኩ ጊዜ ግን የድኅረ ምረቃ ኮሚቴው ሦስት ጥያቄዎችን አነሣ። ይህን ውጤት በመዝገቡ የያዘው ዩኒቨርሲቲ የትኛው ነው? ኮርሱ በክሬዲት ሰዓት ሲሰላ ስንት ነው? ፈተናውን የወሰደው የሰርተፍኬቱ ባለቤት መሆኑን ያረጋገጠው ማን ነው? ለአንዱም በቂ መልስ አልነበረኝም። ኮርሱን በክፍል ውስጥ እንደገና ወሰድኩ፤ ክፍያውንም እንደገና ከፈልኩ።

በወቅቱ ጥያቄዎቹ የቢሮ ግትርነት መስለውኝ ነበር። ቆይቼ ሳጤናቸው ግን የጉዳዩ ዋና ቁልፎች ሆነው አገኘኋቸው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሦስቱን ጥያቄዎች መነሻ በማድረግ፣ በአነስተኛ ክፍያ በበይነ መረብ የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ ኮርሶች መቼ የድኅረ ምረቃ ክሬዲት እንደሚሆኑና መቼ እንደማይሆኑ ያብራራል። ጭብጡ አጭር ነው፤ ኮርስ የሚሸጠው መድረኩ ነው፣ ክሬዲቱ ክሬዲት የሚሆነው ግን ተቀባዩ ተቋም ሲቀበለው ነው። ስለዚህ ስምምነቱ ክፍያውን መቅደም አለበት።

ሰርተፍኬት እና ክሬዲት

ሰርተፍኬት አንድ ሰው ኮርስ መጨረሱን የሚገልጽ ማስረጃ ነው። ክሬዲት ግን ልኬት ነው፤ የተወሰነ የሥራ መጠን፣ በተወሰነ የትምህርት ደረጃ፣ በታወቀ የምዘና ሥርዓት መከናወኑን አንድ ተቋም በሬጅስትራሩ መዝግቦ የሚያረጋግጥበት ነው። ሰርተፍኬት ያለ ክሬዲት ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛዎቹ ርካሽ ወይም ነጻ ኮርሶች የሚሰጡትም ይህንኑ ነው።

ልዩነቱ በሰዓት ሲሰላ ግልጽ ይሆናል። በአሜሪካ ልማድ አንድ የክሬዲት ሰዓት ማለት በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት የክፍል ትምህርትና ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ነው። ሴሚስተሩ አሥራ አምስት ሳምንት ቢሆን አንድ ክሬዲት 45 ሰዓት፣ የሦስት ክሬዲት ኮርስ ደግሞ 135 ሰዓት ይሆናል። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከሞጁል ሥርዓት ጋር የተዋወቁት የአውሮፓ የክሬዲት ማስተላለፊያና ማከማቻ ሥርዓት (ኢሲቲኤስ) ደግሞ አንዱን ነጥብ ከ25 እስከ 30 ባለው የተማሪ የሥራ ሰዓት ይለካዋል። አንድ ነጥብ በ27 ሰዓት ሲታሰብ አምስት ነጥብ እንዲሁ 135 ሰዓት ይሆናል። በበርካታ ሥርዓተ ትምህርቶቻችን ሦስት የክሬዲት ሰዓት ከአምስት የኢሲቲኤስ ነጥብ ጋር ተጎራብቶ የሚጻፈውም በዚሁ ስሌት ነው።

እኔ የወሰድኩት ኮርስ በአጠቃላይ 32 ሰዓት ነበር። ይህ ከ135 ሰዓት ሩቡን እንኳ አይሞላም። የውጤቱም ነገር እንዲሁ ነው። በድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞቻችን ተማሪው አማካይ ውጤቱን ከ3.00 በላይ ይዞ መዝለቅ ሲጠበቅበት፣ ብዙዎቹ የበይነ መረብ ኮርሶች የሚሰጡት የማለፊያ መቶኛ ብቻ ነው። ኮሚቴው 94ን ወደ ፊደል ውጤት የሚለውጥበት መመዘኛ አልነበረውም። 94 ያገኘሁበት ፈተናም ያለ ተቆጣጣሪ፣ የፈለግኩትን ያህል ጊዜ ደጋግሜ ልወስደው የምችለው ፈተና ነበር።

ከቀድሞው ተሞክሮ

ከውጭ ዩኒቨርሲቲ በርቀት መማር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1997 የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲን ሲመሠርት፣ በሳተላይት የሚተላለፉ ትምህርቶችን ከተቀበሉት ተቋማት አንዱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የሕንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት አብዱል ካላም እ.ኤ.አ. በ2004 በፓን አፍሪካ ፓርላማ ፊት ያቀረቡት የፓን አፍሪካ የኤሌክትሮኒክ መረብ ሐሳብም በሙከራ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 በኢትዮጵያ ነው። በዚህ መረብ የአዲስ አበባና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች የኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲን የቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ተከታትለዋል። ይኸው የሕንድ ዩኒቨርሲቲ ከቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እንደ ገጠር ልማት ባሉ መስኮች ለሠራተኞች የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በርቀት ሲሰጥ ቆይቷል። የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲም (ዩኒሳ) በአቃቂ የመማሪያ ማዕከል ከፍቶ በተለይ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን አስተናግዷል።

ዲግሪ ያስገኙት እነዚህ አሠራሮች በቴክኖሎጂ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ በሳተላይት፣ ሌላው በታተመ መጽሐፍ፣ ሌላው በኮምፒውተር። የሚያመሳስላቸው ግን አንድ ነገር አለ። በሁሉም ዘንድ ስምምነቱ ተማሪውን ቀድሟል። ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት አንድ የውጭ ተቋምና አንድ የአገር ውስጥ አካል ተነጋግረው፣ መዝገቡ የማን እንደሆነና ፈተናው የት እንደሚሰጥ ወስነዋል። ሦስቱ ጥያቄዎች የተመለሱት በተማሪው ሳይሆን በተቋማቱ ነበር። ዛሬ ስልኩን ከፍቶ ኮርስ የሚመርጠው ተማሪ ግን ስምምነቱን ቀድሞ ይሄዳል፤ ጥያቄዎቹም በእርሱ ትከሻ ላይ ይወድቃሉ።

የኮሚቴዎቻችንን ጥንቃቄ ለመረዳት ሌላም ክስተት ማስታወስ ይገባል። በ2002 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ሚኒስቴር በጥራት ሥጋት ምክንያት የርቀት ትምህርትን አግዶ፣ በኋላ በቅድመ ሁኔታ መልሶ ፈቅዷል። በርቀት የተገኘ ማስረጃ ሁሉ በጥርጣሬ የሚታይበት ልማድ ከዚህ ዓይነቱ ትዝታ ጋር የተያያዘ ነው።

ዛሬ ያሉት ሦስት መንገዶች

ኮርሴራና ኤድኤክስ እ.ኤ.አ. በ2012 ከተቋቋሙ ወዲህ የቀረቡትን አማራጮች በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ሙሉ ዲግሪ ነው። የጆርጂያ ቴክ የኮምፒውተር ሳይንስ የበይነ መረብ ሁለተኛ ዲግሪ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ሲጀመር ጠቅላላ ክፍያው ከ7,000 ዶላር በታች ነበር። ዲግሪው በክፍል ከሚሰጠው ጋር አንድ ሲሆን በምስክር ወረቀቱ ላይ «በበይነ መረብ» የሚል ቃል አይጻፍም። መዝገቡ የዩኒቨርሲቲው በመሆኑ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አለው።

ሁለተኛው በውጤት መግባት ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ካምፓስ በኮርሴራ በኩል የሚሰጠው የዳታ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ የማመልከቻ ሰነድ ከመመርመር ይልቅ፣ ተማሪው የተወሰኑ ኮርሶችን በክሬዲት ወስዶ አማካይ ውጤቱ 3.00 ሲደርስ ይቀበለዋል። ፕሮግራሙ ሲጀመር የአንድ ክሬዲት ዋጋ 525 ዶላር ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው፣ አንዱ ኮርስ በሁለት ዓይነት መቅረቡ ነው። ቪዲዮው አንድ ነው፤ ነገር ግን በርካሹ ምዝገባ የሚገኘው ሰርተፍኬት፣ በውዱ ምዝገባ የሚገኘው ደግሞ በዩኒቨርሲቲው መዝገብ የሰፈረ ክሬዲት ነው።

ሦስተኛው የተንጠለጠለ ክሬዲት ሊባል የሚችለው ነው። ኤምአይቲ በመረጃ፣ በኢኮኖሚክስና በልማት ፖሊሲ የጀመረው ማይክሮማስተርስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከመምህራኑ መካከል እ.ኤ.አ. የ2019 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ተሸላሚዎቹ አቢጂት ባነርጂና አስቴር ዱፍሎ ይገኛሉ። ሲጀመር የአንድ ኮርስ ክፍያ እንደ ተማሪው ገቢ ከ100 እስከ 1,000 ዶላር እንዲሆን ተደርጎ የተዘረጋ በመሆኑ ለእኛ አገር ተማሪ የሚቀርብ ነበር፤ ፈተናውም በቁጥጥር የሚሰጥ ነው። ሆኖም ማስረጃው በራሱ የኤምአይቲ ክሬዲት አይደለም። ተማሪው አመልክቶ ወደ ሁለተኛ ዲግሪው ፕሮግራም ሲገባ ያን ጊዜ ወደ ክሬዲት ይለወጣል። ተቀባይ እስኪያገኝ ድረስ ክሬዲቱ ተንጠልጥሎ ይቆያል።

ክፍያው፣ ስሙ እና ፈተናው

«አነስተኛ ክፍያ» የሚለው ቃል በአዲስ አበባ ሌላ ትርጉም አለው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚህ ስሌት 525 ዶላር የሆነ አንድ ክሬዲት ከ30,000 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ52,000 ብር በላይ ሆነ። ኮርሱ አልተወደደም፤ ተማሪው ግን ደኸየ። ከዚህም በላይ ተራው የብር ካርድ በውጭ ድረ ገጾች ላይ ስለማይሠራ፣ ብዙዎች ውጭ አገር በሚኖር ዘመድ እጅ ይከፍላሉ። ይህ ደግሞ በደረሰኝ ላይ የሌላ ሰው ስም እንዲሰፍር ያደርጋል።

ስም ራሱ ፈተና ነው። የመመዝገቢያ ቅጾቹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ እኛ ግን የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ሰነድ በአባት፣ ሌላው በአያት ስም ያበቃል። «ጸ» እና «ቀ» በላቲን ፊደል ሲጻፉ እንደ ጸሐፊው ይለያያሉ። በፓስፖርት፣ በዲግሪና በሰርተፍኬት ላይ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ያለው ሰው አንድ ሰው መሆኑን ማስረዳት የራሱ ግዴታ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ቀድሞ መደረግ አለበት፤ የመጀመሪያው ምዝገባ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ይሁን።

በቁጥጥር የሚሰጠው የበይነ መረብ ፈተና ደግሞ የማይቋረጥ መብራትና ግንኙነት፣ ካሜራ፣ ሌላ ሰው የማይገባበት ጸጥተኛ ክፍል ይጠይቃል። ግቢ ተጋርቶ ለሚኖር፣ ከብት የጫኑ መኪናዎች በሌሊት በሚመላለሱበት ሰፈር ለሚያድር ተማሪ ይህ ቀላል ሁኔታ አይደለም። በዚህ ረገድ የቀድሞው የርቀት ትምህርት ይሻል ነበር፤ የመፈተኛ አዳራሽ ነበረው።

በአገር ውስጥ የሚወስነው ማን ነው?

እዚህ ላይ ሁለት የሚምታቱ ሥልጣኖችን መለየት ያስፈልጋል። በውጭ ተቋም የተገኘ የተጠናቀቀ የትምህርት ማስረጃ ሲሆን የአቻ ግምት የሚሰጠው፣ ቀድሞ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል የነበረው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ነጠላ ኮርስን ወደ ጀመሩት ፕሮግራም ማስተላለፍ ግን የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው፤ የሴኔቱ ሕግና የትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ ይወስኑታል። ባለሥልጣኑ ዘንድ የሚሄድ ነጠላ ሰርተፍኬትም፣ ኮሚቴው ዘንድ የሚቀርብ የመድረክ ዝናም መልስ አያገኙም።

በአህጉር ደረጃ በከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎች እውቅና ላይ የተሻሻለው የአፍሪካ ስምምነት በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. በዚችው በአዲስ አበባ ጸድቋል፤ የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ስምምነትም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ሥራ ላይ ውሏል። የሁለቱም መንፈስ ማስረጃ በተገኘበት መንገድ ብቻ ውድቅ እንዳይደረግ፣ ይልቁንም በይዘቱ እንዲመዘን ነው።

ምን ይደረግ?

ለተማሪው የሚበጀው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ኮርሱን ከመጀመሩ በፊት ዝርዝር ይዘቱን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የትምህርት ደረጃውን፣ የፈተና አሰጣጡንና ትራንስክሪፕት የሚያወጣውን ተቋም በአንድ ገጽ አስፍሮ ለትምህርት ክፍሉ ያቅርብ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። መልሱ «አይሆንም» ከሆነ ኮርሱን ለዕውቀት ብቻ መውሰዱን ዐውቆ ይገባል፤ ይህም ጥሩ ምክንያት ነው። እኔም በክፍል እንደገና ስማር ከሌሎቹ ቀልሎኛል። የከሰርኩት በዕውቀቱ ሳይሆን በጠበቅሁት ነገር ነው።

ለትምህርት ክፍሎች ደግሞ አርአያው በአገራችን አለ። በቴክኒክና ሙያ ዘርፍ የብቃት ምዘና የሚሰጠው ሰውየው የት ተማረ በሚል ሳይሆን ምን ይችላል በሚል ነው፤ በሥራ ላይ የለመደ ሰውም ተመዝኖ ማረጋገጫ ያገኛል። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍልም እንደ ስታቲስቲክስ ወይም የምርምር ዘዴ ላሉ የጋራ ኮርሶች በሴሚስተሩ መጀመሪያ የማለፊያ ፈተና ቢያዘጋጅ፣ መዝገቡ የራሱ፣ ደረጃው የራሱ፣ ተፈታኙም በፊቱ ያለ ይሆናል። ሦስቱም ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ይመለሳሉ። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የበይነ መረብ ትምህርት አቅም እየገነባ ባለበት በዚህ ወቅት፣ የጎደለው መሣሪያው ሳይሆን ክሬዲቱን የሚቀበለው ደንብ ነው።

ማጠቃለያ

የበይነ መረብ ኮርስ የዕውቀትን ዋጋ ዝቅ አድርጓል፤ የእውቅናን ዋጋ ግን አላወረደም። ቀደም ብለው ያለፉት ተማሪዎች በሳተላይትና በፖስታ ዘመን ክሬዲታቸውን ያገኙት፣ ሌሎች ቀድመው ስለተስማሙላቸው ነው። የዛሬው ተማሪ ያን ስምምነት ራሱ መጠየቅ አለበት፤ ትምህርት ክፍሉም ጥያቄው ከክፍያ በፊት ሲቀርብለት መልስ ይዞ መጠበቅ ይኖርበታል።