የመታጠቢያ ቤቱ ቬንቲሌተር ለምን ቆመ?

በሻወር ቤት ግድግዳ ወይም ጣሪያ ላይ የሚገጠመው ትንሽ አየር ማስወጫ ቬንቲሌተር ሲሠራ ልብ የሚለው የለም። ሲቆም ግን ጉዱ ወዲያው ይታያል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ያርፋል፤ ቀለሙ ይላጣል፤ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል፤ አስም ያለበትም ሰው ይቸገራል። ስለሆነም ጉዳዩ የምቾት ብቻ ሳይሆን የጤናም ነው። ደግነቱ ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው። ዋናው ነገር ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ በቅደም ተከተል መፈለግ ነው።

በቅድሚያ ስለ አደጋው

“ይቺ ትንሽ ነገር ደሞ ምን ታደርጋለች?” የሚል አይጠፋም። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 20 ዋት የሚበላ ቬንቲሌተር ከ220 ቮልት መስመር የሚስበው 0.09 አምፔር ያህል ነው። ነገር ግን አደጋው ያለው በቬንቲሌተሩ ሳይሆን በመስመሩ ነው። የረጠበ ሰውነት ተቃውሞ እስከ 1000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220 ለ1000 ሲካፈል 0.22 አምፔር፣ ማለትም 220 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ሰውን ለመግደል ከዚህ ያነሰም ይበቃል። ሰውን ከኮረንቲ ለመጠበቅ የሚገጠመው ልዩ ብሬከር በ30 ሚሊ አምፔር እንዲቆርጥ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ተራው የ10 አምፔር ፊውዝ ግን 0.22 አምፔርን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ሰው ተይዞ እያለ እሱ ዝም ይላል።

በመሆኑም ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ብሬከሩ ይውረድ። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ማብሪያው በስሕተት በኒውትራሉ ሽቦ ላይ ተገጥሞ ከሆነ፣ ቬንቲሌተሩ ቢቆምም ኮረንቲው እዚያው አለ። የጋራ ሕንጻ ላይ ደግሞ አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ያበራልና ብሬከሩ ላይ “ጥገና ላይ ነን፤ አታብሩ” የሚል ወረቀት ይለጠፍ። ቴስተሩም መሥራቱ ኮረንቲ ባለበት ሌላ ሶኬት ከተረጋገጠ በኋላ ሽቦው ይፈተሽ። በእርጥብ እጅ ወይም በባዶ እግር መሥራት ፈጽሞ አይገባም።

አፈላለጉ

1ኛ/ ኮረንቲው አለ ወይ? በዚያው መስመር ያለው አምፖል ይበራል? ብሬከሩ ወርዶ ከሆነ አንድ ጊዜ ይመለስ፤ እንደገና ከወረደ ሽቦ ተገናኝቷልና አይታገሉት፤ ኤሌክትሪሺያን ይጠራ። አምፖሉ ፈዞ የሚበራ ከሆነ ደግሞ ቮልቴጁ ወርዷል። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ መነሣት አቅቶት እያጉረመረመ ሊግል ስለሚችል፣ ኃይሉ እስኪስተካከል ማጥፋት ነው።

2ኛ/ ማብሪያ ማጥፊያው ደህና ነው ወይ? እርጥበት ውስጡ ያለውን ብረት ያዝገዋል። ሲጫኑት ከላላ ወይም ከተንጫጫ መለወጥ አለበት።

3ኛ/ አቧራ ይዞት ይሆን? ኮረንቲው ከተቆረጠ በኋላ ክዳኑ በካቻቢቴ ይፈታ። ክዳኑን በሳሙና አጥቦ በደንብ ማድረቅ ይቻላል። ክንፎቹና ሞተሩ ግን በደረቅ ብሩሽ ይጠረጉ እንጂ ውሃ አይንካቸው።

4ኛ/ በእጅ ሲዞር ይዞራል? ክንፉ በጣት ሲገፋ በቀላሉ መሽከርከር አለበት። ከከበደው በዘንጉ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። የምግብ ዘይት አይደረግም፤ ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይይዛል። የታሸገ ኩሽኔታ ያለው ከሆነ ዘይት አይገባውም፤ ኩሽኔታው ይለወጣል።

5ኛ/ ምን ድምፅ ያሰማል? ክዳኑ ተመልሶ ኮረንቲው ሲለቀቅ እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ ሞተሩ ኮረንቲ ደርሶታል፤ ወይ ዘንጉ ተይዟል፣ ወይም ካፓሲተር ካለው እሱ ደክሟል። ቶሎ ይጥፋ። ኮረንቲ እየደረሰው ጭራሽ ዝም ካለ ጥቅልል ሽቦው ተበጥሷል፤ ወይም ሙቀት ሲበዛ የሚቆርጠው ፊውዝ ተቃጥሏል። ይህን ፊውዝ በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ እሳት መጋበዝ ነው። የሚሻለው ቬንቲሌተሩን መለወጥ ነው።

6ኛ/ እየዞረ አየር አልስብ አለ? ቁራጭ ሶፍት ክዳኑ ላይ ይጠጋ። ተስቦ ካልተለጠፈ በውጭ በኩል ያለው መዝጊያ ተጣብቆ፣ ወይም ወፍ ቱቦው ውስጥ ጎጆ ሠርታ ሊሆን ይችላል። ከበሩ ሥር ክፍተት መኖሩም ይታይ፤ አየር ካልገባ አየር አይወጣምና።

እጩ መምህራን ይህን ማወቃቸው ትርፍ ነገር አይደለም። ነገ በተመደብንበት ትምህርት ቤት “መምህር፣ እስቲ ይቺን ነገር እይልን” መባሉ አይቀርም። ማጽዳቱ፣ ዘይት መቀባቱና መዝጊያውን ማየቱ የኛ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ሽቦ መቀጠሉና መስመር መንካቱ ግን የባለሙያው ነው። ድንበሩን አውቆ “ይህስ ከኔ በላይ ነው” ማለት አያሳፍርም። የተቃጠለውም ሞተር አይጣል፤ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጥቅልል ሽቦውን፣ ዘንጉንና ፊውዙን ለተማሪዎች በዓይን የሚያሳይ ጥሩ የትምህርት መርጃ ይሆናል።