የሚከፈት ኮምፒውተር ለመርሳና ለወልዲያ

መርሳ ገበያ የዋለ ሰው ኪሱ ውስጥ አንድሮይድ ስልክ ካለው፣ ሊኑክስ ይዞ ነው የሚዞረው። ሊኑክስ ፕሮሰሰሩን፣ ሚሞሪውንና ስክሪኑን ከፕሮግራሞቹ ጋር የሚያገናኝ የኮምፒውተር እምብርት ነው። ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ ተማሪ ሳለ በ1991 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ ምንጩንም ማንም እንዲያነበውና እንዲለውጠው ክፍት አደረገው። ስልካችን ውስጥ የገባው ሊኑክስ ግን እንደ ጎተራ ነው፤ እህሉ የባለቤቱ፣ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ። ከስልኩ ጋር የመጣን ያልፈለጉትን ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ማጥፋት አይቻልም፤ ስልኩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት ሲያረጅ ሠሪው ካላደሰው ስልኩም አብሮ ያረጃል።

ክፍት የእጅ ኮምፒውተር የሚባለው ቁልፉ ለባለቤቱ የተሰጠው ነው። መዳፍ ላይ ይያዛል፤ ስክሪን፣ ባትሪና ብዙ ጊዜም የፊደል ገበታ አለው። ሥርዓቱን አጥፍቶ ሌላ መጫን ይቻላል፤ ክዳኑም በብሎን መፍቻ ይከፈታል።

ለእኛ አካባቢ ይህ የትርፍ ሰዓት ጨዋታ አይደለም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያና ዙሪያዋ በጦርነት ውስጥ ሲያልፉ መብራትም ስልክም ጠፍቶ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። በእነዚያ ጊዜያት ኢንተርኔት ላይ ብቻ የተቀመጠ መጽሐፍ ያልተጻፈ ያህል ነበር። ስለዚህ መርሳ ላለችበት ለሀብሩ ወረዳ ተማሪ መሣሪያ የሚነድፍ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ፍጥነት አይደለም፤ ኔትወርክና መብራት በሌለበት ቀን መሣሪያው ምን ይሠራል የሚለውን ነው።

ይህን ጥያቄ አስቀድሞ የጠየቀ መሣሪያ አገራችን ገብቶ ያውቃል። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ፕሮጀክት የተሠራችው ነጭና አረንጓዴ ኤክስኦ ከ2008 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታድላ ነበር። ኪስ ውስጥ ባትገባም ትንሽ ናት፤ የምትሠራውም በሊኑክስ ነው። የግዕዝ ፊደል ያለበት ገበታ ተዘጋጅቶላት ነበር። ስክሪኗ ፀሐይ ላይ ሲወጣ የጀርባ መብራቱን አጥፍቶ በጥቁርና ነጭ ይነበባል፤ የመርሳን የቀትር ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ገበታዋ ጎማ ለብሷል፣ አቧራ አያስገባም። ከ12 ቮልት የመኪና ባትሪ በቀጥታ ቻርጅ ትደረጋለች። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ መለዋወጫ ብሎኖች እጀታዋ ውስጥ ተቀምጠዋል። ነዳፊዎቹ ልጁ መሣሪያውን እንደሚፈታ፣ ሲፈታም ብሎን እንደሚጠፋበት አስቀድመው አስበዋል። ልጅን እንዲህ ያመነ መሣሪያ ብዙ አላየሁም።

ያው ፕሮጀክት በ2012 እ.ኤ.አ. ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች በሶላር ቻርጅ የሚደረጉ አንድሮይድ ታብሌቶች ሰጥቶ ነበር። የፕሮጀክቱ ሰዎች እንደተናገሩት ልጆቹ በወራት ውስጥ የተቆለፈውን ቅንብር ሰብረው የተዘጋውን ካሜራ ከፍተዋል። ለመክፈት የሚጓጓ እጅ አለን፤ የሚጎድለው የሚከፈት ዕቃ ነው።

ከዚያ ወዲህ የወጡት ክፍት የእጅ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. ገበያ የገባውን ፓይንፎን ብቻ ላንሳ። ይህ የሊኑክስ ስልክ ሌላ ሥርዓት ከሚሞሪ ካርድ አስነስቶ ለመሞከር ያስችላል። ባትሪው ይወጣል፤ በቦታውም የሳምሰንግ ጄ7 ባትሪ ይገባለታል። በመላው ዓለም የተሸጠ ስልክ ባትሪ መምረጥ ትልቅ የንድፍ ብልሃት ነው፤ መለዋወጫው ከፋብሪካ ሳይታዘዝ ከሞባይል ጥገና ቤት ሊገኝ ይችላል።

አሁን ራሳችን እንሥራ ብንልስ? አንዱ መነሻ ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብልዩ የተባለው ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር ነው። ርዝመቱ 65፣ ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር፣ ሚሞሪው 512 ሜጋባይት ነው። ትንሽ ስክሪን፣ ባትሪና ገበታ ሲጨመርበት የእጅ ኮምፒውተር ይወጣዋል። ሒሳቡ ከባትሪው ይጀምራል። 3,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ አንድ የሊቲየም ባትሪ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 11 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። መሣሪያው ከነስክሪኑ 2 ዋት ቢበላ በወረቀት ላይ አምስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ቮልቱን ከፍ ሲያደርጉ የሚባክነው ሲቀነስ አምስት ሰዓት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ባትሪው ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ከሆነ ያበጠ ወይም የተጎዳ እንዳይሆን፤ እሳት ያስነሳል። ቻርጁን የሚቆጣጠር ሰሌዳም የግድ ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚዘነጋው ሰዓቱን ነው። ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብልዩ የራሱ ሰዓት የለውም፤ ጊዜውን ከኢንተርኔት ይጠይቃል። ኢንተርኔት በሌለበት ሲጠፋ ሰዓቱም አብሮ ይቆምና ሲነሣ ያለፈ ቀን ይጽፋል። የተማሪ ማስታወሻም ሆነ የእርሻ መዝገብ ቀኑ ከተሳሳተ ዋጋው ይቀንሳል። መፍትሔው ሳንቲም የምትመስል ባትሪ ያላት፣ ዲኤስ3231 የምትባል ትንሽ የሰዓት ሰሌዳ መግጠም ነው። ኃይል ድንገት ሲቋረጥ ደግሞ በጽሕፈት መካከል የተያዘ ሚሞሪ ካርድ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ሥርዓቱ ያለበትን ክፍል የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት አድርጎ መዝጋት ይበጃል።

ውስጡ ምን ይቀመጥ? ኪዊክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ሲሆን የአማርኛው ከዚያ እጅግ ያንሳል። መሣሪያው ዋይፋይ ስላለው ጥቂት ተማሪዎች በየስልካቸው ከእርሱ ሊያነቡ ይችላሉ።

የቀረው ፊደላችን ነው፤ እዚህ ላይ ንድፉ የእኛ ካልሆነ ማንም አያስብልንም። ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የነደፉት ሴራ የተባለው አጻጻፍም ሊኑክስ ላይ ይገኛል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ተነባቢው ብቻውን ሲመታ ሳድሱን፣ አናባቢ ሲከተለው ሌሎቹን ይሰጣል። «መርሳ» ለመጻፍ አምስት፣ «ወልዲያ» ለመጻፍ ሰባት ምት ይበቃል። ነገር ግን ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ እና ኘ የሚጻፉት ሽፍት የተባለው ቁልፍ ተይዞ ነው። ለእንግሊዝኛ የተነደፈ የእጅ ገበታ ሽፍቱን ጥግ ላይ አስቀምጦ ይረሳዋል፤ አማርኛ ጸሐፊ ግን በየዐረፍተ ነገሩ ይፈልገዋል። ስለዚህ ሽፍት አውራ ጣት ሥር መዋል አለበት፤ ያውም በሁለቱም በኩል።

ይህን ለመፈተን ገንዘብ አያስፈልግም። ገበታውን በእውነተኛ መጠኑ ካርቶን ላይ ይሥሩ፤ በሁለት እጅ ይዘው «ጤፍ»፣ «ጨው»፣ «ጸሎት» እያሉ በአውራ ጣት ይምቱ። ጣት የሚዘረጋበትን ቁልፍ በእርሳስ ይክበቡና ቦታውን ይቀይሩ። ከዚያ ያንኑ ካርቶን ለአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይስጡና የእርሷ እጅ የት እንደሚያጥር ይመልከቱ።