የቢሾፍቱ ብርድና የሐይቆቿ ዓሣ

ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳዋ ይቀዘቅዛል። ሆራ አርሰዲን ወይም ባቦጋያን ማልዶ ለሚጎበኝ ሰው ጋቢ ወይም ሹራብ ያስፈልገዋል።

ብርዱ የሚበረታው ግን በዓሣው ላይ ነው። ሐይቆቹ እሳተ ገሞራ በፈጠራቸው ጉድጓዶች የተኙ ናቸው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ሰማዩ ጥርት ባለባቸው ሌሊቶች የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውኃም ወደ ላይ ይወጣል። ያኔ ዓሦች ታፍነው ሊሞቱና ሊንሳፈፉ ይችላሉ።

ስለዚህ ምሳዎ ዓሣ ጥብስ ከሆነ፣ ከመጠበሱ በፊት ይመልከቱት። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ አይደፈርስም፣ ስንጥቡም ቀይ ነው። ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ ግን በርካሽ ቢገኝም ለገበታ አይሆንም።