ተጨማሪ መረጃ፦ ነጭ ሽንኩርት በካምፓላ እንዴት ይቆያል?

ካምፓላ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ናት፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም ከመስከረም እስከ ኅዳር ዝናብ ይበረታባታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ጓዳ ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚከርመው ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት እዚህ ቶሎ ሊሻግት ይችላል።

ከናካሴሮ ገበያ ሲገዙ ልጣጩ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሸውን፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይሰረጉደውን ራስ ይምረጡ። በመረብ ከረጢት አድርገው ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ይስቀሉት። ፌስታል እርጥበቱን አምቆ ያበሰብሰዋል፤ የፍሪጅ ቅዝቃዜ ደግሞ ያልተላጠውን ራስ ያበቅለዋል። ለወራት የሚያስፈልገውን ልጦ፣ ፈጭቶና በትንንሹ ከፋፍሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል።

ትልቁ ጥንቃቄ ዘይት ላይ ነው። ብዙ የሐበሻ ቤቶች ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ፈጭተው፣ ዘይት አፍስሰውበት በብልቃጥ ያስቀምጣሉ። ዘይቱ አየር ስለሚከለክል፣ ከአፈር ጋር የመጣው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ሽታውንም ጣዕሙንም ሳይለውጥ መርዝ ሊያመርትበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳዋ ቫንኩቨር፣ ከፍሪጅ ውጭ የተቀመጠ በዘይት የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርት የቀረበላቸው 36 የአንድ ምግብ ቤት ተመጋቢዎች በዚሁ መርዝ ታመዋል። በዘይት የታሸውን ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከ4 ቀን በላይ አያቆዩ። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ፍሪጁ ከሞቀ ደግሞ ሳይቀምሱ ይድፉት።