ላንዱ የሚሸት፣ ለሌላው የማይሸት፦ ስለ ኦአር7ዲ4 ጂን

አንድሮስቴኖን የሚባል ኬሚካል አለ። በወንድ አሳማ ምራቅ ውስጥ በብዛት፣ በሰው ላብ ውስጥ ደግሞ በጥቂቱ ይገኛል። ይህን በብልቃጥ አድርገን ክፍል ውስጥ ብናዞረው አንዱ «የከረመ ሽንት!» ብሎ አፍንጫውን ይይዛል፤ ሌላው «ኧረ ቫኒላ ቫኒላ ይላል» ይላል፤ ሦስተኛው «ባዶ ብልቃጥ ነው እንዴ የሰጣችሁኝ?» ይለናል። ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም።

በአፍንጫችን ጣሪያ ላይ ባሉ የነርቭ ሴሎች ገጽ ላይ ሽታ ተቀባይ ፕሮቲኖች አሉ። እያንዳንዱ የሴሉን ሽፋን 7 ጊዜ እየበሳ የሚመላለስ ሰንሰለት ነው። የሚስማማው ሞለኪውል ሲገጥመው ቅርፁን ይለውጣል፤ ከውስጥ ያለው ጂ ፕሮቲን ይነቃል፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይመረታል፣ የአዮን በሮች ይከፈታሉ፣ መልእክቱም ወደ አንጎል ይሄዳል። ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል የእነዚህን ጂኖች ቤተሰብ በ1991 እ.ኤ.አ. አሳውቀው በ2004 ኖቤል ተሸልመዋል። እኛ ሰዎች የሚሠሩ 400 ያህል አሉን፤ የቀሩት ተበላሽተው ዝም ብለው ክሮሞዞም ላይ ተቀምጠዋል።

ኦአር7ዲ4 ከሚሠሩት አንዱ ሲሆን አድራሻው ክሮሞዞም 19 ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የሮክፌለርና የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነቶቹ በ2 አሚኖ አሲድ ይለያያሉ። 88ኛው ቦታ ላይ አርጂኒን የነበረው ትሪፕቶፋን፣ 133ኛው ላይ ትሪዮኒን የነበረው ሜቲዮኒን ይሆናል። ከ300 በላይ ከሆኑት ውስጥ 2 ብቻ! ግን የተለወጠው ፕሮቲን ለአንድሮስቴኖን እምብዛም መልስ አይሰጥም። የመጀመሪያውን ዓይነት ከእናትም ከአባትም የወረሱ ሰዎች ሽታው ይበልጥ ይከብዳቸዋል፣ ያስጠላቸዋልም። በኖርዌይ በተሠራና በ2012 በታተመ ሙከራም ይህ ኬሚካል ያለበትን የአሳማ ሥጋ ይበልጥ የጠሉት እነዚሁ ናቸው። (በእኛ ገበታ በአብዛኛው የማይቀርብ ስለሆነ እኛ ገና አልተፈተንንም።)

ታዲያ «ጂኑ ወሰነ፣ በቃ» ማለት አይቻልም። ልዩነቱን በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያብራራም። በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ እንደሚያሳየው፣ መጀመሪያ ምንም የማይሸታቸው አንዳንድ ሰዎች ደጋግመው ሲያሸቱት መለየት ጀምረዋል።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ የተግባር ትምህርት ላይ «ሽታ የለውም» ብሎ የጻፈ ጓደኛዬ ማርክ ሲቆረጥበት አይቻለሁ። ኬሚካሉ ሌላ ነበር፣ ጂኑም ሌላ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሽታን ብቻ መለያ ከምናደርግ አንድ የኬሚካል ምርመራ ብንጨምርበት ምን ይጎድላል? ያ ካልተቻለ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከመነሳቱ በፊት ብልቃጡን ሌሎች ሁለት ሦስት ተማሪዎች ያሽትቱት።