ከነጠላ ጫማ ሶል የወጣ እንቁጣጣሽ

ጳጉሜን ስትገባ እዚህ ሁሩታ የሱቆች በረንዳ በታተሙ አበቦች ይሞላል። ልጆች ይገዙና በየቤቱ ያድላሉ፣ ሳንቲም ይቀበላሉ። በእኛ ጊዜ ሴቶቹ አበባየሆሽ ስንል ወንዶቹ ሥዕላቸውን ራሳቸው ይሥሉ ነበር። መልአኩ ዓይኑ ቢንሸዋረርም የልጁ ሥራ ነው።

አምና አንድ ጎረቤታችን፣ ጠና ያሉ ሰው፣ የልጅ ልጄ የሰጣቸውን ካርድ አገላብጠው አዩና “የኔ ጌታ፣ አንተ ነህ የሣልከው?” አሉት። ልጁ ዝም አለ። ብሩን ሰጡት፤ እሱ ግን የቀሩትን ቤቶች ትቶ ተመለሰ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ነገር ይገባዋል።

ዘንድሮ “ራሴ ነው የምሠራው፣ ለሃያ ቤት” አለኝ። ሃያ ሥዕል ግን ልጅን አራተኛው ላይ ያደክመዋል። ያን ጊዜ ነው ኅትመት ትዝ ያለኝ፤ አንዴ ይፈለፈላል፣ ደጋግሞ ይታተማል።

ሥራው አዲስ አይደለም። ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ በዚያው አሥርት ዓመት የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አስተምሯል። ለቤት የሚቀለው ግን ሊኖ ነው። ሊኖሊየም በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ዋልተን ለወለል ምንጣፍነት የፈጠረው ሲሆን የሚሠራው ከተልባ ዘይትና ከቡሽ ዱቄት ነው። ስሙም በላቲን “ተልባ” እና “ዘይት” ከሚሉት ቃላት የመጣ ነው። የእኛው ተልባ! ፀሐይ ላይ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ለመፈልፈልም ይመቻል። ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው የፕላስቲክ ምንጣፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ገንዘባችሁን አታባክኑበት።

እኛ የተጠቀምነው ያረጀ ነጠላ ጫማ ነው። ሶሉ ታጥቦ፣ ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ከተስተካከለ ይበቃል። መፈልፈያው ከተሰበረ ጃንጥላ ወጣ። የጃንጥላ ሽቦ ውስጡ እንደ ቦይ የጎደጎደ ነው፤ ጫፉ በድንጋይ ተስሎ እንጨት እጀታ ሲገባለት ቀጭን መስመር ያወጣል።

ስለት ለልጅ መስጠት ያስፈራል። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ ከመከልከል ይልቅ አጠገቡ መቀመጥን መረጥኩ። ሕጋችን አንድ ነው፦ ሶሉን የያዘው እጅ ሁልጊዜ ከስለቱ ኋላ ይሆናል፣ ስለቱም ወደ ፊት ብቻ ይገፋል። ምላጭ የሚያስፈልገውን ዳር ዳሩን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ ድንች ሁለት ቦታ ሰንጥቃችሁ ቅርጹን እናንተ አውጡለት፤ ማተሙን ለእሱ ተዉለት።

ፊደል ያስቸግራል፣ ምክንያቱም የሚታተመው እንደ መስታወት ተገልብጦ ነው። መላው ቀላል ነው። “እንቁጣጣሽ” የሚለውን በስስ ወረቀት ላይ በእርሳስ አድምቆ መጻፍ፣ ወረቀቱን በፊቱ ሶሉ ላይ ደፍቶ ጀርባውን በማንኪያ ማሸት። የእርሳሱ ጥላሸት ራሱ ተገልብጦ ይቀመጣል። ከዚያ በፊደሉ ዙሪያ ያለውን መፈልፈል ነው፤ ቀለም የሚይዘው ሳይነካ የቀረው ብቻ ነውና።

የውሃ ቀለም ሶል ላይ ይንሸራተታል። በእሳት የተማሰሰ ቀጭን የስንዴ ዱቄት ሙጫ ስንቀላቅልበት ያዘ፤ አርሲ ተቀምጦ ዱቄት አይቸግርም። በስፖንጅ ቁራጭ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ከወፈረ ቦዩን ይሞላና አደዩ ጭቃ ይመስላል። ወረቀቱን ከላይ አንጥፋችሁ በማንኪያ ጀርባ እሹ፣ ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ አንሡ።

ለፖስታው አንድ አሮጌ ፖስታ በጥንቃቄ ፈታን፤ ዘርግተን በዙሪያው በእርሳስ አሰመርን፣ ቆረጥን፣ በዚያው ሙጫ ለጠፍን። ክዳኑ ላይ ትንሽ የአደይ ማኅተም አለበት።

የጳጉሜን ዝናብ ስላላስወጣን ወረቀቶቹ ጓዳ ውስጥ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለዋል። እስከ ትናንት ማታ አሥራ ሰባት ደርሰዋል፤ ሦስቱ ተዝረክርከዋል፣ ግን አይጣሉም ብሏል። ሶሉ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ይቀመጣል፤ በጀርባው ለገና የሚሆን በግ ሊፈለፍልበት አስቧል።