በጥጥ የተዘጋች ንግሥት

የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ሲያባራ፣ አዲስ አበባ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር መብራት ሥር ክንፋም ነፍሳት ይርመሰመሳሉ፤ ጠዋት ተጠርገው ይጣላሉ። ብዙዎቹ ምስጦች ይሆናሉ። ጉንዳንም ግን አይታጣም፤ መለየቱም አይከብድም። የምስጥ አራት ክንፎች እኩል ናቸው፣ ወገቡም ወፍራም ነው። የጉንዳን የፊት ክንፍ ከኋላው ይረዝማል፣ ወገቧ ክር ያህላል፣ አንቴናዋም እንደ ክርን ይታጠፋል። ክንፏን ጥላ መጠጊያ ፍለጋ ብቻዋን የምትሮጥ፣ ደረቷ የሰፋ ትልቅ ጉንዳን ካያችሁ ንግሥት ናት ብሎ መገመት ይቻላል።

ይዛችሁ ልታሳድጓት ከፈለጋችሁ ቤቷ አንድ ቴስት ቲዩብ ነው። ሲሶውን ውኃ ሙሉት፤ ውኃው እንዳይፈስ ጥጥ ጠቅጥቁበት፤ ንግሥቲቱን አስገቡና አፉን በደረቅ ጥጥ ዝጉት። ከዚያ ጨለማ ቦታ አኑራችሁ ተዉአት።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ይህ መተው ነው። የብዙ ዝርያዎች ንግሥት የመጀመሪያ ልጆቿ እስኪደርሱ አትበላም። ከእንግዲህ አትበርምና ሰውነቷ የክንፏን ጡንቻና ያጠራቀመውን ስብ ወደ ምግብ ይለውጠዋል፤ እጮቿንም በዚያው ታሳድጋለች። በበረራዋ ዕለት ከወንዱ የተቀበለችውን ዘር በሆዷ ከረጢት አኑራ ዕድሜ ልኳን ትጠቀምበታለች። በአውሮፓ ሰው ያኖራት አንዲት ንግሥት ከ28 ዓመት በላይ ኖራለች። የያዝናት ንግሥት ግን ቱቦዋን በየሰዓቱ እያነሳን የስልክ መብራት ብናበራባት ትደነግጣለች፤ የደነገጠች ንግሥት የገዛ እንቁላሏን ልትበላ ትችላለች። በሳምንት አንዴ ማየት ይበቃል። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

እንቁላሉ እጭ፣ እጩ ሙሽሬ፣ ሙሽሬው ሠራተኛ እስኪሆን እንደ ዝርያው ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈጃል፤ በአዲስ አበባ የክረምት ብርድ ደግሞ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ሞቅ ያለ ክፍል ይረዳል፤ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ግን ይገድላታል።

የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ደቃቃ ናቸው፤ ያደጉት በእናታቸው ስንቅ ብቻ ነውና። ያኔ ምግብ ጀምሩ፦ የመርፌ ራስ የምታህል የማር ጠብታና አንዲት ትንኝ ይበቃሉ። ፍሊት የተነፋበትን ነፍሳት በፍጹም አትስጡ። ከአትክልት ገበያ ፍራፍሬ ብታመጡም አጥባችሁ ልጣችሁ ይሁን። ሠራተኞቹ ሃያ ሠላሳ እስኪሞሉ ቱቦው ይበቃቸዋል፤ ሰፊ ቤት ለትንሽ መንጋ ጭንቀት ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም የኬንያ ፍርድ ቤት ወደ 5,000 የሚጠጉ ንግሥት ጉንዳኖችን ይዘው የተገኙ ሁለት ወጣት ቤልጂየማውያንን እያንዳንዳቸውን በ1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ወይም በ12 ወር እስራት ቀጥቷቸዋል። ጉንዳኖቹ የተገኙት እንዲሁ ጥጥ በተወተፈባቸው ቱቦዎች ነበር። በአንዲት ንግሥት መሰብሰብ አንድ ሊመሠረት የነበረ መንጋ ከመሬቱ ይነቀላል። ወደ ሌላ አገር መወሰዷም እዚያ የመስፋፋት አደጋ አለው፤ ለምሳሌ በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የተጠናች ሌፒሲዮታ ካኔስሰንስ የምትባል ትንሽ ጉንዳን እስከ 38 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ መንጋ እንደምትመሠርት በ2009 ዓ.ም ተገልጿል።

ስለዚህ አንዲት ብቻ ያዙ፣ አትሽጡ፣ አታሻግሩ። ማሳደጉ ቢከብዳችሁ ንግሥቲቱን ከነልጆቿ ወዳገኛችሁበት ቦታ መልሷት።